ክርስቲያን ሃይገንስና የዓይን ሌንስ ምርጫ



ባለፈው ታኅሣሥ፣ የእንጅባራ ብርድ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት አንድ ምሽት፣ እኛ ዕጩ መምህራን ጋቢያችንን ተከናንበን የሰፈር ልጆችን ሰበሰብንና ጨረቃን በቴሌስኮፕ ልናሳያቸው ወጣን። ቴሌስኮፑ ከመካከላችን ለአንዱ ዘመዱ ከውጭ የላከለት ትንሽ መሣሪያ ነው። ካርቶኑ ላይ 525 እጥፍ ያጎላል ተብሎ ተጽፎበታል። አብረውት ከመጡት ሦስት የዓይን ሌንሶች መካከል ከሁሉ ይበልጥ የሚያጎላውን መርጠን ገጠምን። ታዲያ ምን ታየ? የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ብቻ! ልጆቹ ተራ በተራ እያጎነበሱ አዩና ዝም ብለው ሄዱ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ጨረቃን አይታ እንደሆነ ስንጠይቃት፣ እኛን ላለማሳፈር ብላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እንዳላየች እኛም እናውቃለን። ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ከዚህ የከፋ ምን ይደርስበታል?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ነገሩን ዘግይተን ማጥናት ጀመርን። ከሌንሶቹ በሁለቱ ላይ ኤች የምትል የላቲን ፊደል ተቀርጻለች። ይህች ፊደል የአንድ ታላቅ ሊቅ ስም መነሻ ሆና አገኘናት። ሊቁም በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ስለ ብርሃን ሞገድ ስንማር ስሙን የምናውቀው ክርስቲያን ሃይገንስ ነው። የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ እነሆ።

ሃይገንስ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1629 በሆላንድ አገር፣ ዘ ሄግ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮንስታንታይን ሃይገንስ ስመ ጥር ባለ ቅኔና ዲፕሎማት ነበር። ፈላስፋው ዴካርትም ከቤተሰቡ ወዳጆች አንዱ ነበር። ልጁ በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሕግና ሒሳብ ተማረ፤ ቀጥሎም ወደ ብሬዳ ሄደ። አባትየው ልጁ እንደሱ ዲፕሎማት እንዲሆን ቢመኝም፣ የልጁ ልብ ከሒሳብና ከመሣሪያ ሥራ አልተላቀቀም።

በዚያ ዘመን ጥሩ ሌንስ ገበያ ወጥቶ ማግኘት ችግር ነበር። ስለዚህ ሃይገንስ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ መስተዋት እየሞረደና እያለሰለሰ የራሱን ሌንስ መሥራት ጀመረ። እኛ አገር አፄ ፋሲለደስ በጎንደር በነገሡበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1655፣ በዚሁ በእጅ በተሠራ ቴሌስኮፕ ወደ ሳተርን ሲመለከት በአጠገቡ አንዲት ትንሽ ነጥብ አየ። በየሌሊቱ እየተከታተለም በሳተርን ዙሪያ የምትዞር ጨረቃ መሆኗን አረጋገጠ። ዛሬ ታይታን የምትባለው ይህች ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥሮቹን እንይ። የሃይገንስ ቴሌስኮፕ ቁመቱ ከሦስት ሜትር በላይ ይሁን እንጂ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። የሚያጎላውም ወደ 50 እጥፍ ነው። እኛ የናቅነው ቴሌስኮፕ የፊት ሌንስ እኮ 60 ሚሊ ሜትር ነው! ታይታንን ካገኘው መሣሪያ አያንስም ማለት ነው። ያነሰው የእኛ አመራረጥ ነበር።

ሃይገንስ በዚህ አላበቃም። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ሳተርንን አይቶ ሦስት አካል መስሎት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የጎን አካላቱ ጠፍተው ግራ አጋቡት። ሃይገንስ ግን ወደ 100 እጥፍ በሚያጎላ ሌላ ቴሌስኮፕ ጭምር በትዕግሥት ሲመለከትና ሲያሰላ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1659 ባሳተመው መጽሐፍም፣ ሳተርን ከአካሉ ጋር ያልተነካካ ስስ ቀለበት እንዳለው አስረዳ። ቀለበቱ ጠርዙን ወደኛ ሲያዞር ከመቅጠኑ የተነሣ ከዓይን ይሰወራል። እንቆቅልሹን የፈታው የማጉላት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሌንሱ ጥራትና የተመልካቹ ትዕግሥት ነው።

በነዚሁ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1656፣ በፔንዱለም የሚሠራውን ሰዓት ፈለሰፈ። ወደ 1662 ገደማ ደግሞ በስሙ የሚጠራውን የዓይን ሌንስ አበጀ። ይኸውም በአንድ ሌንስ ፈንታ ሁለት ሌንሶችን አራርቆ በአንድ ቱቦ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በዚህም የሚታየው ሜዳ ሰፋ፤ በምስሉ ጠርዝ ላይ የሚፈጠረው የቀለም ዝብርቅርቅም ቀነሰ። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ እስከ ዛሬ በጀማሪ ቴሌስኮፖች ላይ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1666 ወደ ፓሪስ ተጠርቶ አዲስ በተቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ ሠራ። ብርሃን ሞገድ ነው የሚለውን ትምህርቱንም እዚያው አቀረበ፤ መጽሐፉ ግን የታተመው በ1690 ነው። ጤናው ደጋግሞ ስለታወከ በ1681 ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያም ከወንድሙ ጋር እጅግ ረጃጅም ቴሌስኮፖች ሠራ። ከ35 ሜትር በላይ ለሚረዝመው ቱቦ ስለማይቻል፣ የፊት ሌንሱን ከረጅም ምሰሶ ላይ ሰቅለው፣ የዓይን ሌንሱን ከታች ይዘው፣ ሁለቱን በገመድ አያይዘው ያዩ ነበር። ምን ዋጋ አለው? አስተካክሎ ማየቱ አድካሚ ሆነና እንደ ታይታን ያለ ግኝት በነዚህ አላገኘም። ሃይገንስ ሳያገባ ኖሮ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 1695 በተወለደባት ከተማ አረፈ። ከ300 ዓመታት በኋላ፣ ጥር 6 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በስሙ የተሰየመች መንኮራኩር እሱ ባገኛት ታይታን ላይ አርፋለች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚሆን ምን እናገኛለን?

አንደኛ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የማጉላቱን እጥፍ ይሰጣል። የኛ ቴሌስኮፕ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 35 እጥፍ፣ ባለ 12.5ቱ 56 እጥፍ፣ ባለ 4ቱ 175 እጥፍ ያጎላል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማጉላት ልክ አለው። በጥሩ አየር እንኳ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ከሚሰጠው ቁጥር በላይ ማለፍ ትርፍ የለውም። ለኛው 120 እጥፍ ነው። እጥፉ በሁለት ሲያድግ የምስሉ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ መንቀጥቀጡም አብሮ ያድጋል። በ175 እጥፍ ደግሞ መሬት ስለምትዞር የሚታየው ነገር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከሜዳው ይወጣል። የካርቶኑ 525 እንግዲህ ለሻጭ እንጂ ለተመልካች አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ምንጊዜም ከትልቁ ቁጥር ይጀመር። በባለ 20ው ጨረቃ ሙሉዋን ትገባለች፤ ጁፒተርና አራቱ ታላላቅ ጨረቃዎቹም ይታያሉ። ለሳተርን ቀለበት ወደ ባለ 12.5ቱ ይታለፋል፤ ይህ ሃይገንስ ታይታንን ካየበት እጥፍ ጋር ይቀራረባል። ሌላ ሌንስ መግዛት የሚችል፣ ኬልነር ወይም ፕሎስል የሚባሉት የተሻሉ ናቸው። አስቀድሞ ግን የመሣሪያውን አፍ ይለካ፤ 24.5 ሚሊ ሜትርም፣ 31.7 ሚሊ ሜትርም አለ።

አራተኛ፣ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል። ከአንዳንድ ትንንሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስተዋት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይጣል። ልጆች ባሉበትማ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

እኛም ከአካባቢያችን ቀርከሃ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ልንሠራ፣ እንዳይነቃነቅም መሐሉ ላይ ድንጋይ ልናንጠለጥል ተስማምተናል። ክረምቱ አልፎ የኅዳር ሰማይ ሲጠራ እነዚያን ልጆች መልሰን እንጠራለን። ባለ 4ቱ ሌንስ በኪሳችን ይቀመጣል። ያቺን ትንሽ ልጅም በመጀመሪያ እናሰልፋታለን፤ ዳግመኛ ስንጠይቃት እኛን ብላ ሳይሆን አይታ እንድትመልስልን።

የሳይንስ ክበብ አባላት
እንጅባራ