አተር የቈጠረው መነኩሴ

ግሬጎር ሜንዴል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1822 ዓመት ተወለደ። የተወለደበት መንደር ያን ጊዜ የአውስትርያ ግዛት ነበረ፤ ዛሬ ግን በቼክ አገር ውስጥ ነው። አባቱ ድኻ ገበሬ ነበረ። በ1838 ዓመት ግንድ ወድቆበት ስለ ተጐዳ፥ ልጁን በትምህርት ቤት ለማኖር ገንዘብ አጣ። ያን ጊዜ ታናሽ እኅቱ ቴሬዝያ ለሰርጓ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ሰጠችው። እርሱም ውለታዋን አልረሳም፤ በኋላ ዘመን ልጆቿን በትምህርት ረዳላት።

በ1843 ዓመት በብርኖ ከተማ ወዳለው ገዳም ገባ። መምህር ለመሆን በ1850 ተፈትኖ ወደቀ፤ በ1856 እንደ ገና ቢሞክርም አልተሳካለትም። በዚያው ዓመት ግን በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ መመርመር ጀመረ።

አተር ሲደርቅ አንዳንዱ ፍሬ ድቡልቡል፥ አንዳንዱም የተጨማደደ ይሆናል። ሜንዴል አበባውን ሳይፈነዳ በወረንጦ ከፍቶ ወንዴውን እየነቀለ አወጣ። ከሌላው ዐይነት አተርም የአበባ ብናኝ አምጥቶ አኖረበት። ከዚህ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ መጨማደዱ የጠፋ መሰለ። ያንኑ ፍሬ መልሶ ቢዘራው ግን የተጨማደደው ተመልሶ መጣ። ሜንዴልም ቈጠረ፤ 5,474 ድቡልቡል፥ 1,850 የተጨማደደ አገኘ። ሰባት ሺህ ፍሬ አንድ ባንድ አንሥቶ ማየት እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው! ከአራቱ አንዱ ያህል የተጨማደደ መሆኑን በዚህ ዐወቀ። ስለዚህም እያንዳንዱ ፍሬ ከአባትም ከእናትም አንዳንድ የዘር ትእዛዝ እንደሚወርስ ተረዳ።

በ1865 ዓመት ሥራውን በብርኖ ሊቃውንት ፊት አነበበ፤ የሥራውን ታላቅነት ያስተዋለ ግን አልነበረም። በ1868 የገዳሙ አበ ምኔት ሆነ፤ በ1884 ዓመት ሞተ። በ1900 ዓመት ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ሕግ ሲያገኙ የእርሱን ጽሑፍ አስታወሱ።

አተሩ የሚጨማደድበት ምክንያት የታወቀው ግን በ1990 ዓመት ነው። የዘር ትእዛዝ እንደ መጽሐፍ በፊደል የተጻፈ ያህል ነው፤ በእርሱም መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ በመካከል የማይገባ ቃል ቢጨምር ንባቡ ይበላሻል። በተጨማደደው አተር ትእዛዝ ውስጥም ስምንት መቶ ያህል ፊደል ገብቶ ተገኘ። ስለዚህ ስታርችን ቅርንጫፍ እንዲያወጣ የሚያደርገው ፕሮቲን ጐደሎ ይሆናል፤ ሥራውንም መሥራት አይችልም። ከወላጆቹ ከአንዱ ደኅና ትእዛዝ የወረሰ ፍሬ ግን የሚበቃውን ፕሮቲን ስለሚያገኝ ድቡልቡል ይሆናል። ፕሮቲኑ በጐደለበት ፍሬ ስታርቹ ያንሳል፥ ስኳሩም ይበዛል። ስኳር ውሃ ይስባልና ፍሬው እርጥብ ሳለ ያብጣል፤ በደረቀ ጊዜም ውሃው ሲወጣ ቅርፊቱ ይሰፋውና ይጨማደዳል።