ሉዊ ፓስተር፦ የማይታየውን ቆሻሻ ያሳየን ሰው

በየቤታችን ፍሪጅ ባለው የወተት ካርቶን ላይ በዕብራይስጥ «መፉስታር» የሚል ቃል እናያለን። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥም «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ አልፊ ነበሩ። እሱ የተማረው ኬሚስትሪ ነው እንጂ ሐኪም አልነበረም።

በ1856 በሊል ከተማ ሲያስተምር ከቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ መጠጡ እየኮመጠጠ ተቸገረ። ባለቤቱ ፓስተርን አማከረ። ፓስተር በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ከደህናው ገንዳ ድቡልቡል እርሾ፣ ከኮመጠጠው ገንዳ ደግሞ እንደ ጭራሮ የቀጠኑ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘ። መጠጡን የሚያበላሹት እነዚህ መሆናቸውን ተረዳ። በ1860ዎቹ ወይንን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በማሞቅ ከብልሽት ማዳን እንደሚቻል አሳየ። በ1876 ባሳተመው የቢራ መጽሐፉም ብልሽት ከውጭ በሚገቡ ተሕዋስያን እንደሚመጣ አስረዳ። እናቶቻችንም ጠላ ከመጥመቃቸው በፊት ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት በከንቱ አልነበረም።

ኑሮው ግን ሐዘን የበዛበት ነበር። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ። ከእነዚህም ሁለቱን የገደለው በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፈው ታይፎይድ ነው። በ1868 ግራ ጎኑ ሽባ ቢሆንም ሥራውን አላቆመም። በ1878 ሐኪሞች እጃቸውን በደንብ እንዲታጠቡና መሣሪያቸውን በእሳት እንዲያጸዱ መከረ። በ1885 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከረ። በ1895 አረፈ።

ከእሱ በኋላ ሳይንስ ሌላም ነገር አስተምሮናል። ተሕዋስያን በማሽን፣ በቧንቧና በመክተፊያ ላይ ተጣብቀው የሚያሟልጭ ሽፋን ይሠራሉ። በዚህ ሽፋን ላይ ክሎር ቢፈስበት ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና መፈተግ፣ ቀጥሎ በውኃ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻ ተሕዋስያንን የሚገድለውን መድኃኒት መጠቀም ያስፈልጋል። መድኃኒቱም ሥራውን እንዲሠራ በላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት። ሳሙናና ክሎርን አንድ ላይ መደባለቅ ግን አይገባም፤ ከአንዳንድ ማጽጃዎች ጋር መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ወገኖቻችን በምግብ ፋብሪካና በወጥ ቤት በጽዳት ይሠራሉ። በሥራችን ስናገኛቸው አንዳንዶቹ ጽዳት ዕውቀት የማይጠይቅ ሥራ ነው ይሉናል። እኛ ግን እንዲህ አናምንም። ፓስተር ዕድሜውን የሰጠለት ዕውቀት በየቀኑ የሚተገበረው በእነሱ እጅ ነው። ሥራው እንዲቸኮልበት ሲታዘዙም በቂ ጊዜ መጠየቅ መብታቸው ብቻ አይደለም፤ የበላተኛውን ጤና መጠበቅም ነው።