የዝንብ ሠሪው የቴዎዶር ጎርደን ታሪክ

ትል በመንጠቆ ላይ ሰክቶ ዓሣ ማጥመድ በየአገሩ የታወቀ ነው። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ግን (ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ማለት ነው) በውኃ ላይ የሚያርፉትን ጥቃቅን ነፍሳት እጅግ ይወዳል። ስለዚህ አጥማጆቹ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ነፍሳት የሚመስል ነገር ይሠሩለታል፤ ስሙንም ዝንብ ይሉታል። ከነዚህም ሳይሰጥም በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ደረቅ ዝንብ ይባላል። ይህን ሥራ ለአሜሪካ ወንዞች እንዲስማማ ያደረገው ሰው ቴዎዶር ጎርደን ነው።

ጎርደን በ1854 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደዚሁ ነው) በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። ቤተሰቡ ሀብት ነበረው፤ ኋላ ግን አለቀ። እሱም ጤና የራቀው ደካማ ሰው ስለ ነበረ ከተማውን ትቶ ከኒው ዮርክ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በካትስኪል ተራራ፤ በኔቨርሲንክ ወንዝ አጠገብ ኖረ።

በዚያ አገር ቆዳ ፋቂዎች ለሥራቸው የዛፍ ቅርፊት ይፈልጉ ስለ ነበር ደኑ ተመነጠረ፤ ወንዙም ሞቀ፤ የአገሩም ትራውት እያነሰ ሄደ። በ1883 ዓ.ም. ከጀርመን አገር የሌላ ዓይነት ትራውት እንቁላል መጣ። ይህ እንግዳ ዓሣ ተጠራጣሪ ነው። የጥንቶቹ አሜሪካውያን በቀይና በቢጫ ላባ ያሸበረቁ፤ ማንንም ነፍሳት የማይመስሉ ዝንቦች አላታለሉትም።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የሚባል ሰው ስለ ደረቅ ዝንብ አሠራር በ1886 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ጎርደን ደብዳቤ ጻፈለት። ሃልፎርድም የካቲት ወር 1890 ዓ.ም. ከመልሱ ጋራ በእጁ የሠራቸውን ዝንቦች ላከለት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ የሊቅ ስጦታ ነውና ሌላ ሰው ቢሆን እነሱኑ እየቀዳ ዕድሜውን በጨረሰ ነበር። ጎርደን ግን ወደ ወንዙ ወርዶ ተመለከተ። የሃልፎርድ ዝንቦች የእንግሊዝን ነፍሳት የሚመስሉ ናቸው፤ በኔቨርሲንክ የሚበሩት ግን ሌሎች ናቸው። ደግሞም የሃልፎርድ ወንዞች ጸጥ ብለው የሚፈሱ ሲሆኑ የጎርደን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚወርድ ነው፤ ለስላሳ ላባ በዚያ ወዲያው ይሰጥማል። ከእኛ መካከል የታላቅ ሰው መጽሐፍ በእጁ ይዞ ዓይኑን ወደ ወንዙ የሚመልስ ስንት ይገኝ ይሆን?

ከዚህ በኋላ የሠራው ክዊል ጎርደን የተባለው ዝንብ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሰውነቱ ጠጕሩ ከተላጨ የጣዎስ ላባ ዘንግ ነው። ዘንጉ በአንድ በኩል ጠቆር፤ በሌላው ነጣ ያለ ስለ ሆነ በመንጠቆው ላይ ሲጠመጠም እንደ ነፍሳት ሆድ ቀለበት ቀለበት ይሆናል። እንዳይበጠስም በቀጭን ወርቃማ ሽቦ ይታሰራል። ክንፉ ከዱር ዳክዬ ጎን የተነቀለ ላባ ነው። በአንገቱ ዙሪያ የሚጠመጠመው አመድማ የአውራ ዶሮ ላባ ግን ዋናው ነው፤ ጫፎቹ ጠንካራ ከሆኑ እንደ እግር ቆመው ዝንቡን በውኃው ላይ ይሸከሙታል። እንዲህ ያለ መልክና ጥንካሬ አብሮ ያለው ዶሮ ግን በቀላሉ አይገኝም፤ ዝንብ ሠሪዎችም ዛሬ ድረስ ለዚሁ ላባ ሲሉ ዶሮ ያረባሉ።

ጎርደን ሚስት አላገባም። በረዶው መንገዱን ሲዘጋ በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ዝንብ እየሠራ ይሸጥ ነበር። በእንግሊዝና በአሜሪካ ጋዜጦችም ስለ ዓሣ ማጥመድ ብዙ ጻፈ፤ መጽሐፍ ግን አላሳተመም። ጽሑፎቹ ተሰብስበው የታተሙት በ1947 ዓ.ም. ነው። ጥበቡን በቅርብ ያሳየው ለሮይ ስቲንሮድ ነበር፤ እሱም የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ እያደር አደከመውና በ1915 ዓ.ም. በግንቦት መጀመሪያ ቀን፤ ትራውቶቹ ወደ ውኃው ላይ ብቅ በሚሉበት ወራት፤ በ60 ዓመቱ ሞተ። በዓመቱ ስቲንሮድ ሄንድሪክሰን የተባለውን ዝንብ ሠራ። ለኒው ዮርክ ከተማ ውኃ ለማጠራቀም በኔቨርሲንክ ላይ የተሠራው ግድብ በ1953 ዓ.ም. ሲያልቅ ደግሞ ጎርደን ያጠምድበት ከነበረው ሸለቆ ብዙው በውኃ ተሸፈነ።