ሳይሮጥ የሚቀድመው ተከላካይ፦ ቦቢ ሙር (1941–1993)



ኳስ ስትጫወቱ አብዛኞቻችሁ አጥቂ መሆን ነው የምትፈልጉት። ተከላካይ ሁን ሲባል ደስ የሚለው ልጅ ጥቂት ነው። ጎል ላገባ ይጨበጨብለታል፤ ጎል እንዳይገባ ያደረገውን ግን ማን ያስታውሰዋል? ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ተከላካይ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለንደን ውስጥ በታላቁ የዌምብሌይ ስታዲየም ፊት ለፊት ሐውልት ቆሞለታል። ስሙ ቦቢ ሙር ይባላል። (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱ

ቦቢ የተወለደው ኤፕሪል 12 ቀን 1941 ከለንደን በስተምሥራቅ በምትገኘው ባርኪንግ ነው። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ለእናቱና ለአባቱ አንድ ልጅ ነበር። ኳስ ይወዳል፤ ለሰፈሩ ቅርብ በሆነው በዌስትሃም ክለብም ገና በልጅነቱ ልምምድ ጀመረ።

ጎበዝ ኳስ ተጫዋች ሁሉ ፈጣን ሯጭ ይመስላችኋል አይደል? ቦቢ ግን ፈጣን አልነበረም። ከፍ ብሎ የሚመጣን ኳስ በጭንቅላት መምታትም ብዙ አይሆንለትም ነበር። ታዲያ ሩጫ የሌለው ተከላካይ ፈጣን አጥቂ ሲመጣበት ምን ይሆናል? መልሱን ያገኘው ከአንድ መምህር ነው።

መምህሩና ተማሪው

ማልኮም አሊሰን የዌስትሃም ተከላካይ ነበር። ከልምምድ በኋላ ልጆቹን ሰብስቦ ማስተማር ይወዳል። ለቦቢ ያስተማረው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ኳሱ እግርህ ጋ ከመድረሱ በፊት ለማን እንደምታቀብል እወቅ። ቦቢ ይህን ትምህርት ልቡ ውስጥ አስቀመጠው። ኳሱ ሩቅ እያለ ዙሪያውን ያያል፣ ያስባል፣ ቦታውን ይይዛል። አጥቂው ሮጦ ሲደርስ ቦቢ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል። በእግሩ ያጣውን ፍጥነት በሐሳቡ አገኘው ማለት ነው።

ከዚያ ከባድ ቀን መጣ። አሊሰን በሳንባ ነቀርሳ ታሞ አንድ ሳንባው በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ነበር። ድኖ ተመልሶ ለዋናው ቡድን ለመጫወት በጣም ይጓጓ ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1958 ዌስትሃም ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሲጫወት አንድ ክፍት ቦታ ተገኘ። መምህሩ ይሰለፍ ወይስ ተማሪው? የተመረጠው የ17 ዓመቱ ቦቢ ሆነ። 6 ቁጥር ማልያ ለብሶ ገባ፣ ዌስትሃምም 3 ለ 2 አሸነፈ። አሊሰን ከዚያ በኋላ በሊጉ ለዋናው ቡድን አልተሰለፈም። እስቲ አስቡት ልጆች፣ ቦቢ በዚያ ቀን ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ነው የመጡበት። ቦታውን የወሰደው ካስተማረው ሰው ነዋ!

ደሞዙስ ትላላችሁ? እስከ 1961 ድረስ በእንግሊዝ አገር አንድ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ደንብ ነበር። የዛሬዎቹ ኮከቦች ይህን ሲሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት ዋንጫ

በ1962 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ገና በ22 ዓመቱ አምበል ሆኖ ቡድኑን መራ። በእንግሊዝ ታሪክ እንደሱ በለጋ ዕድሜው አምበል የሆነ አልነበረም።

በ1964 የዌስትሃም አምበል ሆኖ የእንግሊዝን የኤፍ ኤ ዋንጫ በዌምብሌይ አነሳ። በዚያው ዓመት ግን ካንሰር ያዘው። ታከመ፣ ዳነ፣ ወደ ሜዳም ተመለሰ። ሕመሙ ምን እንደነበር ግን ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት አላወቀም። በ1965 እንደገና በዌምብሌይ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ አነሳ። ሦስተኛውን ደግሞ ዓለም በሙሉ አየው።

ጁላይ 30 ቀን 1966፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ እንግሊዝ ከምዕራብ ጀርመን። ወደ 97 ሺህ ሕዝብ ስታዲየሙን ሞልቶታል። ጀርመኖች ቀድመው አገቡ። ትንሽ ቆይቶ ቦቢ ላይ ጥፋት ተሠራ። እሱ ግን ዳኛውን አልተጨቃጨቀም። ወዲያው ተነሳ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ጀርመኖቹ ሳይዘጋጁ ቅጣት ምቱን አሻገረው። የክለብ ጓደኛው ጄፍ ኸርስት በጭንቅላቱ ገጭቶ አገባ፤ 1 ለ 1!

ጨዋታው 2 ለ 2 አልቆ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ፤ እንግሊዝም 3 ለ 2 መራች። በመጨረሻዋ ደቂቃ ኳሱ ቦቢ ጋ ደረሰ፣ ያውም በራሱ ጎል አጠገብ። ጓደኛው ጃክ ቻርልተን ወደ ውጭ እንዲጠልዘው ይጮህበታል። ቦቢ አልጠለዘም። ቀና አለና ረጅም ኳስ ለኸርስት ሰጠው። ኸርስትም አራተኛውን አገባ፣ ጨዋታው አለቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ቦቢ አልቸኮለም።

ዋንጫውን ሊቀበል ደረጃውን ሲወጣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ነጭ ጓንት አድርገው እንደቆሙ አየ። የእሱ እጅ ጭቃና ላብ ነው። ስለዚህ ከመጨበጡ በፊት እጁን ጠረገ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል እንኳ ቀድሞ አሰበ!

መከራው በቦጎታ

በ1970 እንግሊዝ ለዓለም ዋንጫ ወደ ሜክሲኮ ስትጓዝ ኮሎምቢያ አረፈች። ዋና ከተማዋ ቦጎታ ውስጥ ቦቢ ከአንድ የጌጣጌጥ ሱቅ አምባር ሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ። ጓደኞቹ ወደ ሜክሲኮ ሲሄዱ እሱ ለአራት ቀን ያህል ተይዞ ቀረ። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ባልሠራው ነገር ሌባ መባል ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡ። ቦቢ አልጮኸም፣ ማንንም አልሰደበም፤ አላደረግሁም ብሎ በትዕግሥት ጠበቀ። ተለቀቀ፣ በኋላም ክሱ ማስረጃ ስላልተገኘ ተዘጋ።

ጁን 2 ቀን ከሩማንያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ አምበል ሆኖ ገባ፤ እንግሊዝ 1 ለ 0 አሸነፈች። ከአምስት ቀን በኋላ ከብራዚል ጋር ተጋጠሙ። ፈጣኑ ዣይርዚንሆ ኳስ እየነዳ ወደ ጎሉ ሲበር ቦቢ አልተወረወረበትም። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጠበቀው፣ ጠበቀው፣ ልክ ሰዓቱ ሲደርስ ኳሷን ብቻ ነጠቀው። ያ አነጣጠቅ እስከ ዛሬ ለተከላካዮች ትምህርት ነው። ብራዚል 1 ለ 0 ብታሸንፍም ታላቁ ፔሌ ከቦቢ ጋር ተቃቅፎ ማልያ ተለዋወጠ።

መውደቅም አለ

ልጆች፣ ጀግና ሁልጊዜ አያሸንፍም። በ1973 ፖላንድ ውስጥ ቦቢ ኳስ ተነጥቆ ጎል ገባ፤ እንግሊዝ 2 ለ 0 ተሸነፈች። በመልሱ ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ቡድኑም ለ1974 ዓለም ዋንጫ ሳያልፍ ቀረ። ለአገሩ 108 ጊዜ ተጫውቷል፣ 90ውን በአምበልነት። በ1974 በ25 ሺህ ፓውንድ ወደ ፉልሃም ተዛወረ። በ34 ዓመቱ እንደገና ለኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ማን መሰላችሁ? ዌስትሃም! ፉልሃም 2 ለ 0 ተሸነፈ።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ትልቅ ክለብ አሰልጥን ብሎ የጠራው አልነበረም። ትንንሽ ክለቦችን አሰለጠነ፣ በሬዲዮም ስለ ጨዋታ አስተያየት ይሰጥ ነበር። ፌብሩዋሪ 1993 የአንጀት ካንሰር እንዳለበት ለሕዝብ ተናገረ። ከሦስት ቀን በኋላ በዌምብሌይ እንግሊዝ ከሳን ማሪኖ ስትጫወት በሬዲዮ ሥራው ላይ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን፣ በ51 ዓመቱ ዐረፈ። በ2007 ሐውልቱ ቆመ፤ በ2008 ደግሞ ዌስትሃም 6 ቁጥር ማልያን ከእሱ በኋላ ማንም እንዳይለብሰው ወሰነ።

ለወላጆች፦ በቦቢ ስም የተቋቋመ ድርጅት ለአንጀት ካንሰር ምርምር ገንዘብ ያሰባስባል። ይህ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እኛ አበሾች ካልወደቅን ሐኪም ቤት አንሄድም። ስለ ልጆቻችን ስንል እንታይ፣ እንመርመር።

ልጆች፣ እናንተም በሂሳብም በአማርኛም እንደ ጓደኛዬ ፈጣን አይደለሁም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ቀድሞ የተዘጋጀ ከሮጠው እኩል ይደርሳል።

አዳዲስ ቃላት
አምበል – የቡድን መሪ
ማልያ – የተጫዋች ልብስ
መጠለዝ – ኳስን ዝም ብሎ አርቆ መምታት
ማፈግፈግ – ወደ ኋላ መመለስ

ጥያቄዎች (ከወላጆቻችሁ ጋር በአማርኛ ተወያዩ)
1. ማልኮም አሊሰን ለቦቢ ምን አስተማረው?
2. ቦቢ ንግሥቲቱን ከመጨበጡ በፊት ምን አደረገ? ለምን?
3. ያላጠፋችሁትን አጠፋችሁ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?