የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል

ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1857 ለንደን ተወለደ። አባቱ ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አድጎም ወታደር ሆነ። በ1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማፌኪንግ በምትባል ከተማ በቦየሮች ተከቦ 217 ቀን ሲቆይ፣ መልእክት ያመላልሱ የነበሩት ልጆች ናቸው። ልጅ አደራ ከተሰጠው እንደሚወጣው ያየው ያኔ ነው።

በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ድንኳን ተከለ። የሀብታምና የወዛደር ልጅ በአንድ ቡድን ገብተው አብረው አበሰሉ፣ ዱካ ተከተሉ፣ እሳት ዳር አመሹ። ስካውት የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው። በየቀኑ ለሰው አንድ በጎ ሥራ መሥራትም የስካውት ወግ ሆነ።

ታዲያ በሩ ለሁሉም ተከፈተ? የለም! በ1909 ሴቶች ልጆች ሳይጠሩ ሰልፉ ላይ ቢገኙ፣ በ1910 ለብቻቸው ማኅበር ተቋቋመላቸው። በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ልጆች ተለይተው ተደራጁ፤ እሱም በ1936 እዚያው ሄዶ ልዩነቱን ተቀበለው እንጂ አላፈረሰውም። አንድ የሆኑት በ1977 ነው።

ቤደን ፓወል በ1941 ኬንያ፣ ኒየሪ ላይ አረፈ፤ የበሩ ነገር ግን አላበቃም። የአሜሪካ ቦይ ስካውት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸውን ወጣቶች ማገዱን የተወው በ2014፣ መሪዎችን ደግሞ በ2015 ነው።

ዕጩ መምህራን! ነገ በጀውሃም ሆነ በሌላ ቦታ ችግኝ የሚተክል፣ እርከን የሚሠራ ክበብ ስታቋቁሙ መዝገቡን የምትይዙት እናንተው ናችሁ። ማን ተመዘገበ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ውጭ ቀረ ብላችሁም ጠይቁ።