ከውዳቂ ብረት እስከ አውሮፕላን ክንፍ፦ የጆን ብራውኒንግ ሕይወት

ብራውኒንግ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሽጉጥ ነው። ስሙ የሰው ስም መሆኑን፣ ያም ሰው ከሽጉጡ ይበልጥ በአውሮፕላን መትረየስ የዓለምን ታሪክ የነካ መሆኑን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሕይወቱን ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ ጃንዋሪ 23 ቀን 1855 በአሜሪካ ዩታ ውስጥ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪ ሲሆን የሞርሞን እምነት ተከታይ ነበር፤ ከሦስት ሚስቶች 22 ልጆች ወልዷል። ጆን ያደገው እዚያው አባቱ ሱቅ ውስጥ፣ በፋይልና በመዶሻ መሐል ነው። ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ከሱቁ ውዳቂ ብረት ለቃቅሞ የሚተኩስ ጠመንጃ እንደሠራ ይነገራል። የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ቢሆንም በ1879 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። በ1883 ዊንቸስተር የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ጠመንጃ በ8,000 ዶላር ገዛው። እስኪሞት ድረስ በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች 128 ደርሰዋል።

ወደ መትረየስ የመራው ነገር በጣም ቀላል የሚመስል ነው። በ1889 አካባቢ ጓደኛው ዒላማ ሲተኩስ ከአፈሙዙ የወጣው ንፋስ ፊት ለፊት ያለውን ሣር ሲያስተኛው አየ። ሌላ ሰው አይቶ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ይህ ኃይል በከንቱ ከሚባክን ለምን ጠመንጃውን ራሱን አያጎርሰውም ብሎ አሰበ። ከዚያ ሐሳብ የተወለደው መትረየስ በኮልት ኩባንያ ተመርቶ የ1895 ሞዴል ተባለ። ከበርሜሉ ሥር የሚወዛወዝ ክንድ ስለነበረው ወታደሮቹ ድንች ቆፋሪ የሚል ቅጽል አወጡለት። እንግዲህ ለአውሮፕላን የማይሆነው በዚሁ ክንዱ ምክንያት ነው። የማርሊን ኩባንያ ክንዱን አውጥቶ በፒስተን ተካውና ከፕሮፔለሩ ጋር ተናቦ እንዲተኩስ አደረገው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ታጥቀውታል።

አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ በቂ መትረየስ አልነበራትም። ብራውኒንግ ደግሞ ሌላ መትረየስ አዘጋጅቶ ጠብቋት ነበር። ይኼኛው በጋዝ ሳይሆን በራሱ ርግጫ የሚሠራ ነው፦ ጥይቱ ሲወጣ በርሜሉ በትንሹ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቀለሁ ይተፋል፣ ሸንሸሉ ቀጣዩን ጥይት ያቀርባል። በግንቦት ወር ሲፈተን 20,000 ጥይት ተኩሶ አንዴም አልነከሰም። ሌላ 20,000 ተጨመረለት፣ እንደዚያው። ታዛቢዎቹ ለፈተና ተብሎ የተዘጋጀ ይሆናል ብለው ሲጠራጠሩ ብራውኒንግ ሁለተኛ መትረየስ አቀረበ። እሱም 48 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ሳያቋርጥ ተኮሰ። ለመሣሪያዎቹ መብት መንግሥት 750,000 ዶላር ሰጠው። በእያንዳንዱ መትረየስ ልክ ቢያስከፍል ከዚህ በብዙ እጥፍ ያገኝ ነበር፤ ግን ሳይከራከር ተቀበለ። ልጁ ቫልም ፈረንሳይ ዘምቶ በአባቱ መሣሪያ ተዋግቷል።

ወደ አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ የውኃ ማቀዝቀዣው ተነሣ። በርሜሉን ሰማይ ላይ ንፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው ክብደቱ ቀነሰ፣ ፍጥነቱ ጨመረ። በጦርነቱ ማብቂያ ጄኔራል ፐርሺንግ ከበድ ያለ ጥይት የሚተኩስ ሲጠይቁ ብራውኒንግ የሃምሳ ካሊበሩን፣ ማለትም የ12.7 ሚሊሜትሩን መትረየስ መሥራት ጀመረ።

የሥራውን ትልቁን ውጤት ግን አላየም። ኖቬምበር 26 ቀን 1926 ቤልጂየም፣ ሊዬዥ አጠገብ ባለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ፣ በልጁ ቢሮ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 71 ነበር። ሃምሳ ካሊበሩን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የዛሬ ቅርጹን ያስያዙት ሌሎች ናቸው። እንግሊዞችም የ7.62 ሚሊሜትሩን ዓይነት ለራሳቸው ጥይት አስማሙት። የጥይታቸው ባሩድ በጋለ በርሜል ውስጥ በራሱ የመተኮስ ጠባይ ስለነበረው፣ ተኩሱ ሲቆም በርሜሉ ባዶ እንዲቀር አደረጉ። በ1940 እንግሊዝን የተከላከሉት ሀሪኬንና ስፒትፋየር በክንፋቸው እንዲህ ዓይነት ስምንት ስምንት መትረየስ ነበራቸው። ስፒትፋየሩ ለአንዱ መትረየስ የሚይዘው ጥይት 300 ያህል ስለሆነ አብራሪው የሚተኩስበት ጊዜ ተደምሮ 15 ሴኮንድ ገደማ ነው! አሜሪካኖቹ ደግሞ በሙስታንግ ላይ ስድስት፣ በቢ-17 ቦምብ ጣይ ላይ እስከ 13 ሃምሳ ካሊበር ጫኑ። የእኛም አየር ኃይል በ1960 ከአሜሪካ የተረከባቸው ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች ስድስት ስድስት የብራውኒንግ መትረየስ የታጠቁ ነበሩ።

ዛሬ እነዚህ አሮጌ መትረየሶች የሙዚየምና የሰብሳቢዎች ንብረት ሆነዋል። ከወደቁ አውሮፕላኖች ተለቅመው፣ ዝገታቸው ተጠርጎ፣ ብዙዎቹም እንዳይተኩሱ ተደፍነው ይቀመጣሉ። ጥሩ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው ብረቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ነው። ፍሪጂዴር የሚል የተጻፈበት ይገኛል። አዎ፣ ያው የማቀዝቀዣው ፋብሪካ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመረተው ሃምሳ ካሊበር ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ለዚህም የቤት ዕቃ ሠሪው ሳይቀር ወደ መትረየስ ዞሯል። አንዲት ማኅተም የአንድ አገር ኢኮኖሚ እንዴት እንደተገለበጠ ትናገራለች ማለት ነው። ማኅተሙ ተፍቆ መትረየሱ ቢወለወል ኖሮ የሚቀረው የሚያምር ብረት ብቻ ነበር።

ታዲያ ብራውኒንግን እናድንቀው ወይስ እንውቀሰው? በ1914 ሳራዬቮ ላይ አልጋ ወራሹን ፍራንዝ ፈርዲናንድን የገደለው ሽጉጥ እሱ የነደፈው ነው። ለንደንን ከቦምብ የተከላከሉት መትረየሶችም የእሱ ናቸው። እነዚያው መትረየሶች በሌላ ሰማይ ላይ ስንቱን ወጣት አቃጥለዋል። በእኔ አስተያየት የሰውየውን ብልሃት ለማክበር ሥራው ያደረሰውን መርሳት አያስፈልግም፤ ሞቱን ለማዘንም ብልሃቱን መካድ አያሻም። ሙዚየም ገብተን መትረየስ ስናይ በደቂቃ ስንት ይተኩሳል ብለን መጠየቃችን አይቀርም። ግን እዚያ ላይ አንቁም። ማን ሠራው፣ ማን ተሸከመው፣ ከፊቱስ ማን ነበር? የታሪክ ተማሪ ሥራ እዚህ ጋ ይጀምራል እላለሁ።