መስታወት ብቻ የቀረላት ገጣሚ



ወጣት አባሎቻችን በየስብሰባው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ገና ራሷን ያልቻለች ልጅ ለሌላው ሰው ምን ልትሰጥ ትችላለች የሚለው ነው። ገንዘብ የለም፣ ሥልጣን የለም፣ አንዳንዷ ያላት በግጥም የተሞላ ደብተር ብቻ ነው። ለዚህ ዕትም የፍራንሲስ ዋትኪንስ ሃርፐርን ታሪክ የመረጥነው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህች ሴት ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በአሜሪካ የጥቁሮችና የሴቶች ትግል ታሪክ ውስጥ ግን ስሟ ዛሬም ይነሣል። እኛ ከገቢና ከወጪ ጋር የምንውል ሰዎች ስለሆንን፣ ከግጥሟ ይልቅ ገንዘቧን ተከትለን ብንሄድ አንባቢ አይፍረድብን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንሲስ በ1825 በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር ከተማ ተወለደች። ሜሪላንድ ያን ጊዜ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበት አገር ነበር። የእሷ ወላጆች ግን ነጻ ጥቁሮች ስለነበሩ ነጻ ሆና ተወለደች። በሦስት ዓመቷ እናትና አባት አልነበሯትም። ያሳደጓት አጎቷ ዊልያም ዋትኪንስና ባለቤታቸው ናቸው። አጎቷ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተምሩ፣ ባርነትን በሚቃወሙ ጋዜጦችም ይጽፉ ነበር፤ ልጅቷ ፊደልንም ክርክርንም የተማረችው ከእሳቸው ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ትምህርቱ ቀረና ሰው ቤት ተቀጠረች። ልጅ ትጠብቃለች፣ ልብስ ትሰፋለች። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በዚያው ዕድሜ በሰው ቤት ሥራ የጀመሩ ስለሆኑ ኑሮው ምን እንደሚመስል ማብራራት አያስፈልገንም። የእሷ ዕድል፣ አሠሪዎቿ የመጻሕፍት መደብር ያላቸው መሆናቸው ነው። ሥራ ሲያልቅ ታነብ ነበር።

በሃያ ዓመቷ ገደማ የመጀመሪያዋን ትንሽ የግጥም መጽሐፍ አሳተመች። የስሟ ትርጉም የደን ቅጠሎች ማለት ነው። ይህች መጽሐፍ ከ150 ዓመት በላይ የገባችበት ጠፍቶ ኖሮ፣ አንዲት ተመራማሪ በቅርብ ዓመታት እዚያው ባልቲሞር በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝታታለች።

ከዚያ አስተማሪ ሆነች። በ1850 በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ በነበረ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ስትቀጠር በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ነበረች፤ ያስተማረችውም ስፌት ነው። ቀጥላ ወደ ፔንሲልቬንያ ሄዳ 53 ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ ያዘች። ማስተማሩ አድካሚ ሆኖባታል፤ እንዲያውም ልጆች ማስተማር ይሻላል ወይስ ሌላ ሥራ እያለች ታወላውል ነበር። ጉዳዩን የቆረጠላት ከትውልድ አገሯ የመጣ ወሬ ነው።

ሜሪላንድ አዲስ ሕግ አወጣች። ነጻ የሆነ ጥቁር ከሰሜን በኩል ወደ ግዛቱ ከገባ ተይዞ ለባርነት ሊሸጥ ይችላል የሚል ነው። አንድ ነጻ ሰው ሕጉን ሳያውቅ ገባ፤ ተያዘና ወደ ጆርጂያ ተሸጠ። ከዚያ አምልጦ ወደ ሰሜን በሚሄድ መርከብ ላይ ተሸሸገ፤ አገኙትና መለሱት፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሕጉ ለፍራንሲስም ጭምር ነበር። ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ ተወለደችበት ከተማ ብትመለስ እሷም ልትሸጥ ትችላለች ማለት ነው። በዚያ ሰው መቃብር ላይ ሆና ራሷን ለዚህ ትግል እንደሰጠች ለወዳጇ ጽፋለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም፤ ቤት የላት፣ ባል የላት፣ የቀራት እስክሪብቶዋና ድምፅዋ ነው።

በ1854 ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆነ። በነሐሴ ወር በኒው ቤድፎርድ ከተማ የመጀመሪያ ንግግሯን አደረገች፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛው የግጥም መጽሐፏ ቦስተን ላይ ታተመ። የሜይን ግዛት የፀረ ባርነት ማኅበር ወዲያው ተናጋሪ አድርጎ ቀጠራት። በስድስት ሳምንት ውስጥ በ21 ከተሞች 33 ጊዜ ተናግራለች፤ በየቦታውም ግጥሟን ታነባለች፣ መጽሐፏን ትሸጣለች። ሴት፣ ያውም ጥቁር ሴት፣ ወንድ በተቀመጠበት አዳራሽ ቆማ መናገሯ በዚያ ዘመን ነውር ነበር። መጽሐፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ለግጥም መጽሐፍ ይህ ዛሬም ቢሆን ብዙ ነው።

ኢትዮጵያ የሚል ርእስ ያለው ግጥምም አላት። በዳዊት መዝሙር ኢትዮጵያ እጆቿን ስለ መዘርጋቷ በተነገረው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። የዚያን ዘመን የአሜሪካ ጥቁሮች በዚህ ስም ራሳቸውንና መላውን ጥቁር ሕዝብ ይጠሩ ነበር። ስለ አገራችን ኑሮ የተጻፈ ግጥም ባይሆንም፣ በሰንሰለት ያለ ሕዝብ ተስፋውን በእኛ ስም መጥራቱ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ከባሪያ አሳዳሪዎች የሚያመልጡ ሰዎችን ከቤት ቤት እየደበቀ ወደ ሰሜንና ወደ ካናዳ የሚያሻግር የስውር መረብ ነበር። የምድር ውስጥ ባቡር ይሉታል፤ ባቡርም ሐዲድም አልነበረውም። በፊላደልፊያ ይህን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ዊልያም ስቲል የሚባል ጥቁር ሰው ሲሆን፣ የሚመጡትን ሁሉ ስማቸውንና ታሪካቸውን በመዝገብ ይይዝ ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ ያዥ ባይኖር ኖሮ ስለ ፍራንሲስም ያን ያህል ባላወቅን። መጽሐፏ ሲሸጥ ከገንዘቡ የተወሰነው እሱ ዘንድ ይቀመጣል። እሷ ከየመንገዱ ትጽፍለታለች፤ ስንት ሰው እንደ ደረሰ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ያመለጠችው ልጅ እንዴት እንደሆነች ትጠይቀዋለች። ቀጥላ ከመጽሐፌ ገንዘብ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዶላር አንሥተህ ለኮሚቴው ስጥልኝ ትለዋለች።

ስቲል ይህን አይወደውም ነበር። የምትሰጠው ከአቅሟ በላይ ስለመሰለው ለራሷ እንድታስቀምጥ ይመክራታል። እሷ ደግሞ እምቢ እንዳይላት አስቀድማ ትጽፋለች፤ መስጠት እችላለሁ፣ እፈቅዳለሁም ብላ ሂሳቡን ትዘጋለች። ለጋሾቻችን ይህን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። ሁለት ዶላር ትልቅ ገንዘብ አልነበረም፤ ግን የሚሰጥበት ቦታ የታወቀ፣ የሚቀበለው ሰው መዝገብ የሚይዝ፣ ውጤቱም በቁጥር የሚጠየቅ ነበር። ስንት ሰው ደረሰ ብሎ መጠየቅ መጠራጠር አይደለም።

ስትገዛም እንዲሁ ትጠነቀቅ ነበር። ባሪያ በለቀመው ጥጥ የተሠራ ልብስ ላለመልበስ፣ ደመወዝ በሚከፈላቸው ሰዎች እጅ የተመረተውን እየፈለገች ትገዛለች። ጨርቁ ሻካራ ነው፣ እሷም አልካደችም። በ1858 ደግሞ በፔንሲልቬንያ በከተማ ሠረገላ ተሳፍራ ሳለ ትኬት ቆራጩ ከውስጥ ወጥታ ውጭው ላይ እንድትቆም አዘዛት። አልተነሣችም። ሌላ ሰው ገብቶ ጥግ ላይ ትቀመጥ ብሎ ሊያስማማ ሞከረ፤ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። የምትወርድበት ስትደርስ ሰውዬው ሂሳቧን አልቀበልም አላት። ገንዘቡን ወለሉ ላይ ጥላለት ወረደች። ነጻ ተሳፈረች እንዳትባል ነው መሰለን፤ ዕዳ አልተወችም።

በ1859 መጨረሻ፣ ባሪያዎችን በመሣሪያ ነጻ ለማውጣት የተነሣው ጆን ብራውን ተይዞ ሞት ሲፈረድበት፣ ፍራንሲስ እስኪሰቀል ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሚስቱ ጋር አብራ ተቀመጠች። እኛ አገር ለቀስተኛ ቤት ማደር የሚባለው ዓይነት ነው።

በ1860 ፌንተን ሃርፐር የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት የሦስት ልጆች አባት አገባች። ከመጽሐፍና ከንግግር ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ በኮሎምበስ አጠገብ ትንሽ የእርሻ ቦታ ያዙ። ሜሪ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። ላም እያለበች፣ ቅቤ እየናጠች ለኮሎምበስ ገበያ ታቀርብ ጀመር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ የዞረች ሴት ቤት ያዘች፤ ንግግሩም ቀነሰ።

በ1864 ባሏ ሞተ። ዕዳ ነበረበት። መቃብር ከገባ ሦስት ወር ሳይሞላ የውርስ አጣሪው መጣና ንብረቱን ጠረገው። የወተት ማሰሮው፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳው ሳይቀር ተወሰደ። ቅቤ የምትሠራበት ዕቃ ከሄደ በኋላ ሴትዮዋ አራት ልጆች በምን ታሳድግ? ሕጉ አልጠየቀም። በጊዜው ሕግ የቤቱ ንብረት የባል ተብሎ ይቆጠር ስለነበር፣ የግጥሟ ገንዘብ፣ የ33ቱ ንግግሮች ገንዘብ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ዕዳ መክፈያ ሆነ። የተዉላት መስታወት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እስኪወጣ ድረስ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤተሰቡ አለቃና የጋራ ንብረት አስተዳዳሪ የሚያደርገው ባልን ነበር። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህም ቢሆን በማኅበራችን የቁጠባ ቡድኖች ውስጥ የምናየው ነገር አለ። ገንዘቡን ያጠራቀመችው እሷ፣ በውሉ ላይ የሰፈረው ስም የእሱ። ደረሰኙ የት እንዳለ ስንጠይቅ፣ ባለቤቴ ያውቃል የሚል መልስ እንሰማለን። ፍራንሲስ የተማረች ነበረች፣ መጽሐፍ የጻፈች፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያዳመጣት ነበረች። መማሯ ማሰሮዋን አላዳነላትም።

በግንቦት 1866 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ቆማ ይህን ሁሉ በዝርዝር ተናገረች። እኔ ሞቼ እሱ ቢተርፍ ኖሮ ቤቱን የሚያፈርስ፣ አልጋውን የሚሸጥ አጣሪ አይመጣበትም ነበር፤ ሌላ ሚስት አግብቶ ኑሮውን ይቀጥል ነበር አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ የታገለችው በአብዛኛው ስለ ጥቁሮች ሲሆን፣ የሴትነቷን በደል ያስተማራት ያ ዕዳ መሆኑን አልደበቀችም። እዚያ የተሰበሰቡትን ነጭ ሴቶችም ዝም ብላ አላለፈቻቸውም። ጥቁር ሴት ከሠረገላ ስትጣል የት ነበራችሁ የሚል ነበር ነገሩ። ሁለቱንም በአንድ ንግግር ውስጥ ማለቷ ነው እኛን የገረመን። ብዙ ሰው የሚረዳውን ወገን ላለማስቀየም ከሁለቱ አንዱን ይተወዋል።

ጦርነቱ አልቆ ባርነት ከቀረ በኋላ፣ ከ1867 እስከ 1871 ድረስ በደቡብ ግዛቶች ዞረች። ነጻ በወጡት ሰዎች ጎጆ እያደረች አስተማረች፣ ተናገረች። ለሴቶች ብቻ የምታደርገውን ስብሰባ ገንዘብ አታስከፍልበትም ነበር። ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ሴትን ስለሚመታ ባል ትነግራቸው ነበር። አንደበቷን ሰምተው ይህች ወንድ ናት ያሉ ነበሩ፤ ጥቁር አይደለችም፣ ቀለም ተቀብታ ነው ያሉም ነበሩ። እሷ በዚህ ስቃለች። ከዚያ ጉዞ በ1872 የታተመ የግጥም መጽሐፍ ወጣ። ተራኪዋ ክሎዊ የምትባል፣ ስድሳ ዓመት ከተጠጋች በኋላ ማንበብ የተማረች አሮጊት ናት። የጎልማሶች ትምህርት የምታስተምሩ አባሎች ይህችን አሮጊት ታውቋታላችሁ።

የቀረው ዕድሜዋ በፊላደልፊያ አለፈ። መጠጥ ቤት ስላፈረሰው ትዳር ታገለች፣ በ67 ዓመቷ ታዋቂውን ልብ ወለዷን አሳተመች፣ በ1896 የጥቁር ሴቶች ማኅበራት በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ሲሆኑ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። ልጇ ሜሪ ሳታገባ ከእናቷ ጋር ኖራ ቀድማት ሞተች። ፍራንሲስ በየካቲት 1911 በ85 ዓመቷ አረፈች፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡ የፈቀደው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው። ቤቷ በቤንብሪጅ መንገድ ላይ አሁንም አለ፤ በ1976 በአገር ቅርስነት ተመዝግቧል።